በኅዳግ የተጻፈው ቃል

ቃል ከአንደበት ሳይወጣ የሚያውቀው፣ ከወጣም በኋላ ነፋስ ወሰደው ብሎ የማይተወው አምላክ ይህንም ነገር ያውቀዋል። ዘመን በእጁ ነው። ዐሥራ አንድ ዓመት በእርሱ ዘንድ እንደ አንድ ጧት ሊሆን ይችላል፤ በአንድ ቤት ውስጥ ለተቀመጠች ሴት ግን ዐሥራ አንድ ዓመት ያው ዐሥራ አንድ ዓመት ነው። እርሱ ሁሉን ሰምቶ በትዕግሥቱ ከቈየበት ነገር እኛ ዘግይተን የሰማነውን ጥቂቱን እንጽፋለን።

በአንድ ማተሚያ ቤት ሁለተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ ወደ ወረቀት መጋዘኑ በሚያይ ጠባብ ክፍል ውስጥ አንዲት አራሚ ትሠራ ነበር። የአራሚዎችን ሥራ ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። አንዱ ለመታተም የተዘጋጀውን ገጽ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፤ ሌላው ደራሲው በእጁ የጻፈውን ዋናውን ቅጂ በጣቱ እየተከተለ ይሰማል። የሚያነበው ሰው አንድ ጥብቅ ሕግ አለበት፤ ወረቀቱ ላይ ያለውን እንጂ መኖር የነበረበትን አያነብም። የተሳሳተውን እንደ ተሳሳተ፣ የጐደለውን እንደ ጐደለ፣ ነጠላ ሰረዙንና አራት ነጥቡን ሳይቀር እየጠራ ይወርዳል። በልቡ አቃንቶ ያነበበ እንደ ሆነ ስሕተቱ አምልጦ ይታተማልና።

የአራሚዋ የሥራ ጓደኛ ጡረታቸው የተቃረበ ሽማግሌ ነበሩ። ሁለት መነጽር ደርበው ስለሚያደርጉ በመሥሪያ ቤቱ ሁሉ ጋሼ መነጽር ይባላሉ። ዘወትር የሚያነቡት እርሳቸው፣ የምትከተለው እርሷ ነበረች። አንድ ቀን ለምን ተራ እንደማትቀበላቸው ጠየቋት። ድምፄ አያምርም ብላ መለሰችላቸው። «የወፍጮ ድምፅ ያለኝ እኔ እያነበብሁ?» ብለው ሳቁና ነገሩን ተዉት።

ድምፄ አያምርም የሚለው አሳብ ከእርሷ የመነጨ አልነበረም። ከባሏ የተቀበለችው ነው።

ባሏ የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ነው። በሰፈሩ ወለላው ይሉታል። እናቶች ከሐኪሙ ይልቅ እርሱን ማነጋገር ይመርጣሉ፤ ወረፋው ረዝሞ ሌላው ሠራተኛ ቦዝኖ ቢቆም እንኳ የእርሱን መስኮት ይጠብቃሉ። «እማማ፣ ይችን ከምግብ በኋላ። ደግሞ አይጨነቁ፤ ከበሽታው ይልቅ አሳቡ ነው የሚጥልዎት» ሲላቸው ግማሹ ሕመም እዚያው ባንኮኒው ላይ ይቀራል። ለደካማ ጎረቤት መድኃኒቱን እስከ ቤቱ ያደርሳል። የሰው ስም አይረሳም።

የቤቱ በር ከተዘጋ በኋላ ግን የሚናገረው ሌላ ሰው ነው። አይጮኽም። ድምፁን ከመድኃኒት ቤቱም ይልቅ ዝቅ አድርጎ፣ ጫማውን እየፈታ፣ እጁን እየታጠበ፣ ጋዜጣ እየገለጠ ይናገራል። ሩዙን ነው አሸዋውን የቀቀልሽው ይላታል። ስትናገሪ ጥርሴን ያመኛል ይላታል። እናትሽ አንቺን ስትወልድ ምን አስቸኰላት፣ ሳታልቂ ወጣሽ ይላታል። ልጅ አልወለዱም፤ ይህን ደግሞ በየሳምንቱ እንደሚቀጠር ጉዳይ ያነሣዋል። የበሩ ደወል ከተደወለ በዚያው ቅጽበት ተነሥቶ፣ ፊቱ በርቶ፣ እንግዳውን እጁን ይዞ ያስገባል።

መጀመሪያ ትመልስለት ነበር። እያንዳንዱ መልሷ ለዐሥር ስድብ በር እየከፈተ ሲያስቸግራት መመለሱን ተወች። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብታ ቧንቧውን ከፍታ የምታለቅስበት ዘመን መጣ፤ ያንንም ውኃው ሲፈስ ተሰምቶት አዲስ ስድብ አወጣለት። ከዚያ ጸለየች። ጸሎቷ መጀመሪያ ልቡን እንዲያራራላት ነበር፤ ኋላ ኋላ ጆሮዋን እንዲያደነዝዝላት ሆነ። በመጨረሻ ያገኘችው መላ የሙያዋ መላ ነው። የእርሱን ንግግር ሰምታ ወደ ሥራ ትወስደዋለች፤ በሚታረመው ገጽ ኅዳግ ላይ በእርሳስ ትጽፈዋለች፤ ከዚያም እንደ ማናቸውም የተበላሸ ጽሑፍ ታርመዋለች። ይህ ተደግሟል፤ ይህ ማስረጃ የለውም፤ ይህ ይውጣ። ከዚያ በላጲስ አጥፍታ ወረቀቱን ታስረክባለች። ለአንድ ሰዓት ያህል ደረቷ ይቀላታል። ይህን መላዋን ማንም አያውቅባትም ነበር።

የምትመኘው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ከቤቷ ውጭ ያለ አንድ ሰው እንዲያምናት። ታላቅ እኅቷ ብታምናትም እኅት ናት ተብላ ቃሏ አይቈጠርም። ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ተጠርቶ ነበር። ሽማግሌዎቹ ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ብዙ ባልና ሚስት ያስታረቁ የቤተ ክርስቲያን መምህር፣ ሁለተኛው ጡረታ የወጡ ዳኛ። መምህሩ ሁለቱንም ጊዜ የጠየቋት አንድ ጥያቄ ነበር፤ እጁን አንሥቶብሽ ያውቃል ወይ? አያውቅም። እንግዲያውስ እግዚአብሔር ይመስገን። ምን እንደሚላት እንድትናገር ሲጠይቋትም ነገሩ ከእርሷ አፍ ሲወጣ አነሰ። ሳታልቂ ወጣሽ ብሎኛል ስትል ዳኛው ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ባሏም ራሱን ነቅንቆ አብሯቸው ሳቀ፤ ቀልድ ነበር አለ። አማቷም ልጄ ከልጅነቱ ጀምሮ ክፉ ቃል ከአፉ አይወጣም ብለው ማሉ። ሁለቱንም ጊዜ ታረቂ ተባለች፤ ታረቀች። ሁለቱንም ጊዜ ሽማግሌዎቹ ደረጃውን ወርደው ሳይጨርሱ ባሏ በሩን ዘግቶ የሽማግሌ ፊት ዐየሽ አይደል፣ አንድ ሰው እንኳ አልሰማሽም አላት።

ይህ ሁሉ እንዲህ እንዳለ መምህሩ ስለ ቤት ሰላም የጻፉት መጽሐፍ ወደዚያው ማተሚያ ቤት መጣ። አራሚዋ የመጀመሪያውን እርማት ስትሠራ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ባሏ ስልክ ደወለላት። የቤቱን ቁልፍ የት እንዳኖረችው ለመጠየቅ ነው፤ ነገረችው። ከመዝጋቱ በፊት በዚያ ለስላሳ ድምፁ አንድ ነገር ጨመረላት። ከኋላው የደንበኞች ድምፅ ይሰማ ነበርና አፉን ወደ ስልኩ አስጠግቶ መሆን አለበት።

ወደ ወንበሯ ተመለሰችና ያለውን ቃል በኅዳጉ ጻፈችው። ከእርማት ልማዷ የተነሣ ሳታውቀው እርሳሱን ትታ ቀዩን እስክሪፕቶ አንሥታ ነበር፤ ከልማዷም የተነሣ በቃሉ አጠገብ የጭማሪ ምልክት አድርጋ ወደ መስመሩ ስባዋለች። በዚያው ጊዜ ሥራ አስኪያጁ ጠሯት፤ ስትመለስ ወረቀቱ ተወስዷል። የገጽ አዘጋጁ ደግሞ በቀይ የተጨመረውን ሁሉ ይጨምራል፤ ለምን ብሎ መጠየቅ የእርሱ ሥራ አይደለም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የመጨረሻው ንባብ ሆነ። በማተሚያ ቤቱ ደንብ በዚህ ንባብ ላይ ደራሲው ራሱ ይቀመጣል። መምህሩ ጉልበታቸውን እያሻሹ በመስኮቱ በኩል ተቀመጡ፤ ሥራ አስኪያጁም ለአክብሮት ሲሉ ገቡ። ጋሼ መነጽር በዚያ ሳምንት ጉንፋን ይዟቸው ሦስት ቃል ሳይናገሩ ያስላቸው ነበር። እየሳሉ ገጾቹን ወደ እርሷ ገፉላት፤ እርሳቸው ዋናውን ቅጂ ወሰዱ። እምቢ የምትልበት መንገድ አልነበረም።

የመጀመሪያውን ገጽ በዝግታ ጀመረችው። አንድ ምዕራፍ፣ ሁለት ምዕራፍ አነበበች፤ ማንም ጥርሴን ያመኛል አላላትም። በአራተኛው ምዕራፍ፣ ባል ሚስቱን በመልካም አንደበት ይጥራት ከሚለው መስመር ቀጥሎ ዐይኗ የሚመጣውን አስቀድሞ ዐየ። መዝለል ትችል ነበር። ዋናውን ቅጂ የያዙት ጋሼ መነጽር የተዘለለውን ሊያውቁ አይችሉም፤ በእርሳቸው ወረቀት ላይ የለምና። ብትዘለው ግን ቃሉ በሦስት ሺህ ቅጂ ታትሞ ይወጣል። ሳይነበብ መሰረዝም አይፈቀድም፤ ሕጉም ሕግ ነው። አነበበችው።

«ባል ሚስቱን በመልካም አንደበት ይጥራት፤ አራት ነጥብ። አንቺ እኮ ሰው አይደለሽም፤ ድርብ ሰረዝ፤ የሰው ቦታ የያዝሽ ዕቃ ነሽ፤ አራት ነጥብ።»

ጋሼ መነጽር ጣታቸው ወረቀቱ ላይ ቆመ። ሁለቱንም መነጽር አውልቀው ዐዩዋት። መምህሩ ይህን እኔ አልጻፍሁም አሉ። ሥራ አስኪያጁ ፊታቸው ቀልቶ የመጀመሪያውን እርማት አስመጡ፤ ገጹን ሲገልጡት በኅዳጉ ላይ የእርሷን የእጅ ጽሑፍ አገኙት። ይህን በቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ላይ መጻፍሽ ምን ይባላል ብለው ጠየቋት።

«ስሕተቱ የእኔ ነው» አለች። «ቃሉ ግን የእኔ አይደለም።»

መምህሩ ወረቀቱን ተቀብለው ቃሉን ደግመው አነበቡት። ማን እንዳላት ጠየቋት።

«እርስዎ ሁለት ጊዜ ያስታረቁኝ ሰው።»

ያን ጊዜ መምህሩ ያሉት ነገር እስከ ዛሬ ይቈጫቸዋል፤ ምናልባት ተናዶ አምልጦት ይሆናል አሉ። ሰው ለዐሥራ አንድ ዓመት ያህል ሲያመልጠው ይኖራል ወይ ብላ ልትጠይቃቸው አፏን ከፍታ ተወችው። ቀዩን እስክሪፕቶ አንሥታ ዐረፍተ ነገሩን ሰረዘችና ከሚቀጥለው መስመር ማንበቧን ቀጠለች። መምህሩም ከዚያ በኋላ የተነበበውን የራሳቸውን መጽሐፍ አልሰሙትም። ሲወጡ በደረጃው ላይ ቆመው እሑድ ከሰዓት እመጣለሁ አሏት።

እሑድ ሁሉም ተሰበሰቡ፤ መምህሩ፣ ዳኛው፣ አማቷና እኅቷ። ባሏ ወንበር አቀረበ፤ ለመምህሩ ጉልበት የሚቀባ መድኃኒት ያለ ዋጋ ሰጣቸው፤ ዳኛውን ስለ ደም ግፊታቸው ጠየቃቸው። ለምን እንደ ተሰበሰቡ ሲነገረው ዐይኑ እንባ አቀረረ። እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ ወጥቶ ከሆነ እግሯ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ አለ፤ ሊወድቅም ብድግ ሲል ዳኛው ክንዱን ያዙት። አማቷ አለቀሱ። እኅቷ ግን ጥርሷን ነክሳ ወደ ግድግዳው ዞረች። ነገሩ ከቀድሞው በምንም አልተለየም፤ ይቅርታው እንኳ «ከሆነ» በሚል ቃል የታሰረ ነበር። ዳኛው ቀደም ብለው ያዘጋጁትን የዕርቅ ወረቀት አውጥተው አነበቡ፤ ባልና ሚስቱ እርስ በርሳቸው የበደሉትን በደል ይቅር ተባብለዋል ይላል።

አራሚዋ እጇን አነሣች፤ በሥራ ቦታ ስሕተት ስታገኝ እንደምታደርገው።

«የእኔ በደል ምን እንደ ሆነ ይነገርልኝና ልፈርም» አለች።

ባሏ በርኅራኄ ፈገግ ብሎ ይለፍ፣ ያለፈ ነገር አንቈጥርም አለ። ዳኛውም ይለፍ አሉ። እርሷ አልተንቀሳቀሰችም። ያላወቅሁትን በደል እንዴት ይቅር እባልበታለሁ፣ እንዴትስ አስተካክለዋለሁ አለች። መምህሩ ቀና ብለው ዐዩዋት፤ ከዚያ ከኪሳቸው እስክሪፕቶ አወጡ።

«እውነቷን ነው። ይነገር፤ እጽፈዋለሁ።»

«እንግዲህ ከተባለ» ብሎ ባሏ ጀመረ። ትንንሽ ነገር ነው አለ። ዕቃ በቦታው አታስቀምጥም። መምህሩ ጻፉ። ስትጠየቅ ቶሎ አትመልስም። ጻፉ። እንግዳ ሲመጣ ፊቷ አይፈታም፤ ሰው በመንገድ ሰላም ሲላት አንገቷን ትሰብራለች፤ እኔን በሰው ፊት የምበድላት ታስመስለኛለች። ጻፉ። ማንም አላቋረጠውም። ከባንኮኒ ኋላ የሚቆም ሰው ወረፋ ስላለበት ሁልጊዜ በአጭሩ ይናገራል፤ ዛሬ ወረፋ አልነበረበትም። የእስክሪፕቶው ድምፅ ደግሞ ቀጥል ቀጥል የሚለው ይመስል ነበር። ድምፁ ዝቅ እያለ መጣ። እኅቷ ፊቷን ከግድግዳው መለሰች።

«አባታችን፣ ምን ልበልዎ» አለ፤ «ከሰው ጋር እየኖርሁ እንደ ሆነ አላውቅም።» ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞረ። «ምን ታፈጥጫለሽ? ሽማግሌ መኻል ሲያስቀምጡሽ ሰው የሆንሽ መሰለሽ? አንቺ ተጠርተሽ የምትሰሚ፣ ተገፍተሽ የምትሄጂ ዕቃ ነሽ። ዕቃ ደግሞ በደሌ ይነገረኝ አይልም። ይህን ድምፅሽን ማተሚያ ቤት ድረስ ወስደሽ አሰማሽው አሉ፤ የሰሙት ሰዎች አሳዘኑኝ።»

ይህን ሁሉ ሲናገር አልጮኸም። እጁ ከጉልበቱ ላይ አልተነሣም። ለመቀጠል አየር ሲስብ አማቷ ጐንበስ ብለው እጅጌውን ያዙት።

«ልጄ፣ ሰው አለ እኮ» አሉት።

ተው አላሉትም፤ ምን ነካህ አላሉትም። እንዲህ ተናግሮ የማያውቅ ልጅ በድንገት ሲናገር የሰማች እናት የምትደነግጠውን ድንጋጤ አልደነገጡም። አራሚዋ ባሏን ትታ አማቷን ዐየቻቸው፤ እርሳቸው ዐይናቸውን ወደ ምንጣፉ ጣሉ።

ባሏ ጉሮሮውን ጠረገ። ዳኛው ከሁሉ ቀድመው ተናገሩ። ተናዶ ነው፤ ደግሞ ያናገረችውም እርሷ ናት፤ በሉ ተነሡ እንጸልይና ወረቀቱ ይፈረም አሉ። መምህሩ አልተነሡም። የጻፉትን ከላይ እስከ ታች አነበቡት፤ የመጨረሻዎቹንም መስመሮች ሳያስቀሩ ጽፈዋቸው ነበር። ወረቀቱን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱና በዚህ ዕርቅ ላይ ስሜን አላኖርም አሉ። ዳኛው ቅር አላቸው፤ ስንት ዓመት አብረን የሠራንበትን ወግ በአንድ ቀን አፈረሱት ብለው ኮታቸውን አነሡ።

«ልጄ፣ ዛሬ አመንሁሽ» አሏት መምህሩ። «ከእኅትሽ ዘንድ ተቀመጪ። ተመለሺ የሚልሽ ሰው ቢመጣ ወደ እኔ ላኪው።»

ልታመሰግናቸው ይገባ ነበር፤ ለዚህ ቃል ዐሥራ አንድ ዓመት ጠብቃለች። ነገር ግን አላመሰገነቻቸውም።

«እኔን አላመኑም አባታችን» አለች። «እኔ በዚህ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሁለት ጊዜ ነግሬዎት ነበር። ዛሬም ያመኑት እርሱን ነው።»

ስለ ቤት ሰላም አንድ መጽሐፍ ሙሉ የጻፉት ሰው ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ።

እኅቷ ልብሷን በአንድ ሻንጣ ከታ ከመኝታ ክፍሉ አወጣች። ሦስቱ አብረው ወረዱ፤ መምህሩ ደረጃውን በጉልበታቸው ምክንያት አንድ በአንድ ወረዱት። ታክሲ ሲጠብቁ ባሏ በላይኛው በረንዳ ላይ ብቅ አለ። ልብስ ስታሰጣ የነበረች ጎረቤት ከፊት ለፊት ቆማ ስታይ ዐየና ድምፁን ከፍ አደረገ።

«የእኔ ቆንጆ፣ ብርድ እንዳይመታሽ። ሹራብሽን ልጣልልሽ?»

አራሚዋ ቀና አላለችም። ታክሲው መጣ፤ እኅትማማቾቹ ገብተው ሄዱ። ጎረቤቲቱ ራሷን ነቀነቀች። እንዲህ ያለውን ባል ጥላ የት ልትደርስ ነው አለች ለመምህሩ። መምህሩም የተሰበሰቡበትን ነገር፣ በገዛ ጆሯቸው የሰሙትን ነገሯት። ሴቲቱ እስኪጨርሱ በትሕትና ሰማቻቸው፤ ከዚያም እንደ ሕፃን አባብላ ሳቀችባቸው።

«አባታችን፣ ወለላውን? ባለፈው ወር ታምሜ መድኃኒት ይዞልኝ ቤቴ ድረስ የመጣውን ሰው? ተሳስተው ይሆናል።»

ወረቀቱ በመምህሩ ኪስ ነበር። እጃቸውን ሰደዱና ነኩት፤ አላወጡትም። ያች ልጅ ሁለት ጊዜ ከፊታቸው ተቀምጣ ምን እንደ ተሰማት ያን ጊዜ በራሳቸው ደረት ውስጥ ዐወቁት፤ እውነቱን ይዘው፣ የሚቀበላቸው አጥተው፣ በጎዳና ላይ ቆሙ። ማግስቱን መድኃኒት ቤቱ ተከፈተ፤ እናቶችም እንደ ወትሯቸው በእርሱ መስኮት ተሰለፉ።

ይህን ያነበብህ ወንድሜ፣ ይህን ያነበብሽ እኅቴ፣ በርህን ከዘጋህ በኋላ የምትናገረውን የሚሰማ ጌታ አንደበትህን ይጠብቅ፤ በቤትሽ የሚነገረውን የሚያውቅ አምላክ የሚያምንሽን ሰው በጊዜው ይላክልሽ። ከጣራችሁ በታች ሰው ሁሉ በስሙ የሚጠራበት፣ ማንም ድምፁን የማይፈራበት ቤት ያድርግላችሁ። አሜን።